የድመት ኩላሊትና ያልተቋጨው የቫይረስ ክስ

አሥር ዓመት ያለፋት ድመት ከከሳች፣ ውሃ ካበዛች፣ የምትጸዳዳበት አሸዋ ቶሎ ቶሎ ከራሰ፣ የእንስሳት ሐኪም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኩላሊቷን ነው። ጥርጣሬው አብዛኛውን ጊዜ ልክ ይሆናል። በዕድሜ ከገፉ ድመቶች ሲሶ ያህሉ ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ እንደሚይዛቸው በሙያው ውስጥ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። ድመቷ ከሞተች በኋላ ኩላሊቷ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የሚገኘውም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ደቃቆቹ የሽንት ቱቦዎች ተጎድተው፣ በመካከላቸው ያለው ሥጋ ተቆጥቶ፣ ኋላም ወደ ጠባሳነት ተለውጦ። ጉዳቱን ምን አስጀመረው ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ለብዙ ዓመታት «አይታወቅም» ነበር። እርጅና ነው ተብሎም ይታለፍ ነበር።

በ2012 ከሆንግ ኮንግ የወጣ ጥናት ለዚህ ጥያቄ ስም ያለው ተጠርጣሪ አቀረበ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥናቱን ያካሄዱት ፓትሪክ ዉና ሱዛና ላው የሚገኙበት የሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። ከ457 ባለቤት አልባ የጎዳና ድመቶች ናሙና ወስደው መረመሩ። በ56ቱ፣ ማለትም በ12.3 በመቶው ላይ፣ ከዚያ በፊት ማንም የማያውቀውን ቫይረስ አገኙ። ከሁሉም ይልቅ ዓይን የሳበው የተገኘበት ቦታ ነው፤ በደም ውስጥ እምብዛም ሳይታይ በሽንት ውስጥ ሞልቶ ተገኘ። ስሙን ፌላይን ሞርቢሊቫይረስ አሉት። በቤተ ሙከራ በድመት የኩላሊት ሕዋስ ላይ ሲያሳድጉት ሕዋሶቹን እርስ በርስ እያያያዘ ገደላቸው።

ቀጥሎ የሠሩት ንጽጽር ነው እስከ ዛሬ የሚያከራክረው። ቫይረሱ ከተገኘባቸው 12 ድመቶች በ7ቱ ኩላሊት ላይ ያ የተለመደው የቱቦዎች ጉዳትና መቆጣት ታየ፤ ቫይረሱ ካልተገኘባቸው 15 ድመቶች ደግሞ በ2ቱ ብቻ። በስታቲስቲክስ ሚዛን ልዩነቱ እንዲያው በዕድል የመጣ ነው ለማለት ያስቸግራል። ዜናውም በፍጥነት ተዛመተ፤ የድመት የኩላሊት በሽታ ምክንያቱ ተገኘ የሚል ርዕስ ለመጻፍ ማን ይሰለቻል?

ቁጥሩን ግን ረጋ ብለን እንየው። ሁሉም ተደምረው 27 ድመቶች ናቸው። ቫይረሱ ካለባቸው 5ቱ ኩላሊታቸው ከዚያ ጉዳት ነጻ ነበር፤ ቫይረሱ ከሌለባቸው ሁለቱ ደግሞ ታመው ተገኝተዋል። ሁሉም የጎዳና ድመቶች ናቸው፤ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ፣ ምን ሲበሉ እንደኖሩ፣ ከዚያ በፊት በምን በሽታ እንዳለፉ የሚናገርላቸው ባለቤት የለም። ኑሮው የከፋበት ድመት ኩላሊቱም ሊጎዳ፣ ቫይረሱም ሊይዘው ይችላል፤ ሁለቱ አንድ ላይ መገኘታቸው አንዱ ሌላውን መውለዱን አያሳይም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ግንኙነት አገኘን ነው ያሉት። ግንኙነቱን ወደ ምክንያትነት ያሸጋገረው ወሬው ነው።

የዚህ ቫይረስ ዘመዶች ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደሉም። የሕፃናቱ ኩፍኝ ከዚሁ ወገን ነው። የከብቱ ደስታ በሽታም እንዲሁ፤ በ1880ዎቹ መጨረሻ በምፅዋ በኩል ገብቶ የአገሪቱን ከብት ጨርሶ ክፉ ቀን የተባለውን ረሃብ ያስከተለው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው በ1995 በአፋር ሲሆን፣ የቆላውን ሙቀት የሚቋቋም ክትባት በአርብቶ አደሮቹ በራሳቸው እጅ ተሰጥቶ ጠፋ፤ በ2011 ደግሞ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። የበግና የፍየሉ ደስታ በሽታ ግን ዛሬም አለ። በ2010 በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎችን የፈጀው ዲስቴምፐር ከውሾች ነው የመጣው፤ እሱም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው።

እነዚህ ዘመዶች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። ሲመጡ በኃይል ይመጣሉ፣ ይገድላሉ ወይም ይለቃሉ፣ የተረፈውም ዕድሜ ልኩን አይያዝም። የድመቱ ቫይረስ እዚህ ላይ ይለያል፤ ሳይታይ የሚቆይ ይመስላል። በአሜሪካ በ2016 በታተመ ጥናት ከአንዲት ድመት ሽንት የተገኘው ቫይረስ ከ15 ወር በኋላም ነበረ። ድመቷን በአንድ ሳምንት የማይገድል፣ በኩላሊቷ ውስጥ ግን ወራትና ዓመታት የሚቆይ ቫይረስ ካለ፣ ቀስ በቀስ የሚመጣ ጠባሳ ከእሱ ሊመጣ ይችላል ብሎ ማሰብ ምክንያታዊ ነው። ቆይቶ መጉዳት ለቤተሰቡም ፍጹም አዲስ አይደለም፤ ኩፍኝ አልፎ አልፎ በሕፃኑ አንጎል ውስጥ ተደብቆ ከዓመታት በኋላ ገዳይ በሽታ ሆኖ ይነሣል። ዲስቴምፐርም የውሻን የሽንት አካላት ስለሚይዝ ሐኪሞች በሽንት ምርመራ ያገኙታል። ስለዚህ በሐሳቡ ላይ የሚያስቀው ነገር የለም። የጎደለው ማስረጃ ነው።

ከሆንግ ኮንግ በኋላ ቫይረሱ በተፈለገበት ሁሉ ተገኘ ማለት ይቻላል። ጃፓን፣ ጣልያን፣ ጀርመን፣ ብራዚል፣ ቱርክ፣ እንግሊዝ፣ ታይላንድ። በጀርመን ሁለተኛ ዝርያው ተለየ፤ በታይላንድ ደግሞ በሰው እጅ በሚኖሩ ጥቁር ነብሮች ላይ ከኩላሊት ጉዳት ጋር አብሮ ተገኘ። ወደ ዋናው ጥያቄ ሲመጣ ግን መልሶቹ ተከፋፈሉ። የጃፓን ተመራማሪዎች የኩላሊት ሥጋውን በአጉሊ መነጽር አይተው ቫይረሱና ጉዳቱ አብረው እንደሚሄዱ ጻፉ። በሰሜን ጣልያን የታመሙና ጤነኛ ድመቶችን ያነጻጸሩ ደግሞ ቫይረሱን በኩላሊት ሕመምተኞቹ ላይ ብልጫ ያለው ሆኖ አላገኙትም። ከዚያ ወዲህም አንዱ ይደግፋል፣ ሌላው ይክዳል።

አንዱ የመለያየት ምንጭ ሽንቱ ራሱ ነው። የእንስሳት ሐኪም ቤት ጠረጴዛ ላይ ሪፍራክቶሜትር የምትባል አነስተኛ መሣሪያ አለች። በመስታወቷ ላይ አንድ ጠብታ ሽንት ይደረግና ወደ ብርሃን አቅንቶ በአንድ ዓይን ይታያል፤ ጥላው የቆመበት መስመር የሽንቱን ጥግግት ይናገራል። ጤነኛ ድመት ከ1.035 በላይ የሚቆጥር ወፈር ያለ ቢጫ ሽንት ትሸናለች። ኩላሊቷ የደከመው ድመት ግን 1.012 ገደማ ላይ ትቆማለች፤ ሽንቷ ውሃ መስሎ፣ ሽታውም ቀንሶ። አሁን ቫይረሱን ፈልጉ የተባሉት ሰዎች የሚመረምሩት ይህንኑ የቀጠነ ሽንት ነው። በአንድ ጠብታ ውስጥ የሚገኘው የቫይረስ መጠን ከጤነኛዋ ጠብታ ያነሰ ቢሆን አይደንቅም። በሽተኛዋ ነጻ ትመስላለች፣ ጤነኛዋ ተይዛ ትገኛለች፤ ድምዳሜውም ተገልብጦ ይወጣል።

ሁለተኛው ችግር ጊዜ ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህንን ነው። ድመት በእያንዳንዱ ኩላሊቷ ሁለት መቶ ሺህ ገደማ ደቃቅ ማጣሪያዎች አሏት፤ ሰው አንድ ሚሊዮን ያህል አለው። የድመት ኩላሊት ከበረሃ ቅድመ አያቶቿ የተወረሰ ስለሆነ ውሃን አጥብቆ ይቆጥባል፤ ከማጣሪያዎቹ ሁለት ሦስተኛው እስኪጠፋ ድረስ ሽንቱን ማወፈር አያቅተውም። ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ክሪያቲኒን የተባለ ቆሻሻ በግልጽ የሚያሻቅበው ደግሞ ከሦስት አራተኛው በኋላ ነው። በሽታው ሲታወቅ ጉዳቱ ከተጀመረ ዓመታት አልፈዋል ማለት ነው። ቫይረሱ ድመቷን በሦስት ዓመቷ ይዟት፣ በአምስት ዓመቷ ለቋት፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ኩላሊቷ ቢከዳት፣ ሐኪሙ በአሥራ ሁለት ዓመቷ የሚወስደው ናሙና ምን ሊነግረው ይችላል? በዚህ ዓይነት ጉዳይ አንድ ቀን የሚወሰድ ናሙና፣ ብዛቱ ሺህ ቢደርስም፣ የሚመልሰው ጥያቄ ጥቂት ነው። የሚያስፈልገው ድመቶችን ከግልገልነት እስከ ሞት መከታተል ነው፤ እሱ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል፣ ገንዘብ ይፈጃል፣ ዜናም አይሆንም።

ሌሎች የድመት ቫይረሶች ከኩላሊት ጋር ያላቸው ታሪክ ይህን ለመመዘን ይረዳል። የድመት ሉኪሚያ ቫይረስ በ1964 በግላስጎው በዊልያም ጃሬት የተገኘ ነው፤ በኩላሊት ላይ ዕጢ ሊያስነሣ እንደሚችል ብዙም አያከራክርም። የድመቱ ኤድስ የሚባለው ኤፍአይቪ በ1986 በካሊፎርኒያዋ ፔታሉማ ከተማ በኒልስ ፒደርሰንና በጃኔት ያማሞቶ ተለየ። እሱም ከኩላሊት ጉዳት ጋር በተደጋጋሚ ይነሣል፤ አንዳንድ ጥናት በሽንት ፕሮቲን መፍሰስ እንደሚበዛ ያሳያል፣ ሌላው ልዩነት የለም ይላል። የሰው ኤችአይቪ ኩላሊትን እንደሚጎዳ ለሚያውቅ ነገሩ አያስገርምም፤ ቢሆንም ድመት ሰው አይደለችም።

ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ኤፍአይፒ የሚባለው ነው። በድመት አንጀት ውስጥ ያለ ተራ ኮሮና ቫይረስ በጥቂቶች ላይ ተለውጦ መላ ሰውነትን ይወርራል፤ ደረቅ በሚባለው ዓይነቱ ኩላሊት ላይ እብጠት ይዘራል። ለብዙ ዓመታት የሞት ፍርድ ነበር። ያው ፒደርሰን በ2019 ጂኤስ-441524 የተባለውን መድኃኒት ለ31 ድመቶች ሰጥቶ 25ቱን አተረፈ። በ2023 ደግሞ በቆጵሮስ አዲስ ዝርያ ተነሥቶ ድመቶችን ሲጨርስ መንግሥት ለሰው የኮቪድ ሕክምና የተከማቸውን ሞልኑፒራቪር ለድመቶች ፈቀደ። ኤፍአይፒ ላይ ክሱ ሊጸና የቻለው ቫይረሱ እዚያው በቁስሉ ውስጥ ስለሚታይና ቫይረሱ ሲወገድ ድመቷ ስለምትድን ነው። ፌላይን ሞርቢሊቫይረስ ላይ ይህ ፈተና አልተካሄደም። ቢካሄድም ነገሩ ቀላል አይሆንም፤ ጠባሳ የሆነ ኩላሊት ቫይረሱ ቢወጣለትም አይመለስምና፣ ድመቷ አለመዳኗ ለቫይረሱ የነጻነት ማስረጃ ሊሆነው አይችልም።

ስለ ቫይረስ ሲወራ እንደ ትንሽ ነገር የሚታለፍ፣ እኔ ግን የማላልፈው ሌላ ጉዳይ አለ። ድመቶችን ከቫይረስ የምንጠብቅባቸው ክትባቶች ውስጥ ብዙዎቹ የሚዘጋጁት በድመት የኩላሊት ሕዋስ ላይ ነው። በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ማይክል ላፒንና ባልደረቦቹ በ2005 እንዳሳዩት፣ በመርፌ የሚሰጡ ክትባቶችን የወሰዱ ድመቶች ሰውነት በእነዚህ ሕዋሶች ላይ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። በሌላ አገላለጽ ሰውነቷ የኩላሊትን ሥጋ እንደ ጠላት ሊያይ ይማራል። በቀጣይ ሥራቸው የሕዋሱን ቅምም ደጋግመው ከተወጉ ድመቶች በአንዳንዶቹ ኩላሊት ላይ መቆጣት አገኙ። በ2016 ደግሞ የለንደኑ ሮያል ቬተሪነሪ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ድመቶችን ለዓመታት ተከታትለው፣ በየዓመቱ ወይም በተደጋጋሚ መከተብና የከፋ የጥርስ ሕመም ለኩላሊት በሽታ ከሚያጋልጡ ነገሮች መካከል መሆናቸውን ጻፉ። እዚህም ግንኙነት እንጂ ምክንያት አልተረጋገጠም። ደጋግሞ የሚከተብ ድመት ወደ ሐኪም የሚመላለስ ድመት ነውና ኩላሊቱም ቶሎ ሊታወቅለት ይችላል።

ከዚህ ተነሥቶ ድመቴን አላስከትብም ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ፓንሉኮፔኒያ የተባለው ቫይረስ ያልተከተቡ ግልገሎችን በቀናት ውስጥ ይጨርሳል፤ ኩላሊት የሚጎዳው ደግሞ፣ የሚጎዳ ከሆነ፣ በዓመታት ውስጥ ነው። ነገር ግን የዓለም የትናንሽ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ራሱ መመሪያው ላይ ብዙም ተጋላጭ ያልሆነች ጎልማሳ ድመት ዋና ዋናዎቹን ክትባቶች ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ መድገም እንደማያስፈልጋት ይላል። በየዓመቱ ሁሉንም ክትባት ድገሙ የሚላችሁ ሐኪም ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቁት፤ ጥያቄው ነውር የለበትም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን የየአገሩ ሕግ የሚወስነው ስለሆነ እሱን ለብቻው ተመልከቱት።

የውጭ ጠላት ሳያስፈልግ የድመት ኩላሊት በተፈጥሮው ደካማ ነው የሚሉም አሉ። የቶኪዮው ቶሩ ሚያዛኪ ኤአይኤም የሚባለውን ፕሮቲን ያገኘ ሰው ነው። በሰውና በአይጥ ኩላሊት ሲጎዳ ይህ ፕሮቲን ተሸካሚው ከሆነው ትልቅ ሞለኪውል ተላቅቆ በቱቦዎቹ የተከማቸውን የሞተ ሕዋስ ያስጠርጋል፤ በድመት ግን አጥብቆ ስለተያያዘ አይላቀቅም። ቱቦው ይደፈናል፣ ጉዳቱ ይቀጥላል። ሚያዛኪ በ2021 በኮሮናው ዘመን የምርምር ገንዘብ እንደተቋረጠበት በጋዜጣ ሲናገር የጃፓን ድመት ወዳዶች በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር የን አዋጥተው ላኩለት። ስለ ገንዘቡ ያደረብኝ አድናቆት ስለ ሳይንሱ ካለኝ ጥንቃቄ ጋር አብሮ ነው፤ በዚህ ፕሮቲን ላይ የተመሠረተ መድኃኒት በገበያ ላይ ሆኖ ብዙ ድመት ሲያድን እስኪታይ ድረስ ይህም ጠንካራ ሐሳብ ነው እንጂ መልስ አይደለም። ቫይረሱና የፕሮቲኑ ጉድለት ግን አይጻረሩም። ጠራጊ የሌለው ቱቦ ውስጥ አንድ የሚቆይ ቫይረስ ሲገባ ምን እንደሚደርስ መገመት አያዳግትም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ፌላይን ሞርቢሊቫይረስ በአንዳንድ ድመቶች ኩላሊት ላይ እጁ እንዳለበት አምናለሁ፤ የነብሮቹ፣ የሽንቱ፣ የቤተ ሙከራው ሕዋስ ማስረጃ ወደዚያ ያዘነብላል። የድመቶችን የኩላሊት በሽታ በሙሉ ግን እሱ ነው የሚያመጣው የሚለውን አልቀበልም። የሲሶውን ድመት ዕጣ በአንድ ቫይረስ ላይ መጫን፣ ጥርስን፣ የደም ግፊትን፣ ዘርን፣ ዕድሜንና ምናልባትም የሕክምናውን ልማድ ራሱን ነጻ ማውጣት ይሆናል። ምርምሩ አይቁም፤ ይልቁንስ መልኩን ይለውጥ። አንድ ጊዜ ሽንት ቀድቶ ቫይረስ መቁጠሩ እስከዚህ ይብቃ፤ ከእንግዲህ ግልገሎችን ይዞ እስከ ሞታቸው የሚከታተል ሥራ ነው የሚያስፈልገን።

ለኢትዮጵያ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። አገር ውስጥ ድመት በአብዛኛው ለአይጥ ነው የምትያዘው፤ ዕድሜዋም ኩላሊቷ እስኪከዳት ላይደርስ ይችላል። የእንስሳት ሕክምናችን የተደራጀው በከብት፣ በበግና በፍየል ዙሪያ ነው፤ ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት የሚያመርተውን ማየት ይበቃል። ከክፉ ቀን በኋላ ይህን ቅደም ተከተል የሚነቅፍ የለም። ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከታቸው በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በስቶክሆልም አፓርትመንት ውስጥ ድመት ይዘው የሚኖሩት ወገኖቻችን ናቸው። አንዳንዶቹ ስለዚህ ቫይረስ ሲሰሙ የኩፍኝ ዘመድ ነው መባሉ ያስፈራቸዋል፤ ለልጄስ? ብለው ይጠይቃሉ። ሰውን እንደያዘ የታየበት ማስረጃ የለም፤ ድመቷን ከቤት ማስወጣት አያስፈልግም።

ለቫይረሱ የተዘጋጀ መድኃኒትም ክትባትም የለም። ስለዚህ የቫይረስ ምርመራ ክፈሉ ብትባሉ ውጤቱ የሚለውጠው ሕክምና ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አጥጋቢ መልስ ካላገኛችሁ ገንዘባችሁን አስቀሩ። በዚያው ገንዘብ ድመታችሁ ሰባት ዓመት ሲሞላት ጀምሮ በየዓመቱ ክብደቷን አስመዝኑ፣ ክሪያቲኒኗንና የደም ግፊቷን አስለኩ፣ ጥርሶቿን አሳዩ፣ የሽንቷንም ጥግግት በሪፍራክቶሜትር አስታዩ። የዓመቱን ውጤት ከዓምናው ጋር አስተያዩ፤ አንድ ቁጥር ብቻውን የማይናገረውን የሁለት ዓመት ልዩነት ይናገራልና። በሽታው በጊዜ ከተያዘ ፎስፈረስ የቀነሰ የኩላሊት ምግብ የድመቷን ዕድሜ እንደሚያረዝም በጥናት የተረጋገጠ ነው።